በአስተርጓሚ

አክስቷ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ባዶ እንደተወችው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ሽቦ የሚሏት የእህቷ ልጅ ፊቷን ታጥባ ስትመለስም እንደዚያው ናት፤ ሻይዋን ጠጥታ ብርጭቆውን አለቅልቃ ስትደፋም እንደዚያው ናት። ሁለተኛው ጫማ ከፊቷ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጧል፤ አክስቷ ግን ትክ ብላ የምታየው እሱን ሳይሆን በሩን ነው። ይህች ሴት በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ቀርታ አታውቅም። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ የሰው አንሶላ በጀርባዋ አዝላ ወንዝ ወርዳ፣ ጎረቤት ዓይኑን ሲገልጥ ግማሹን አጥባ የምትጠብቅ ሴት ናት። ዛሬ አንድ ጫማ ማጥለቅ አቃታት።

«አክስቴ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለች ሽቦ።

«ራሴን ሳያመኝ አልቀረም።»

«አመመሽ ወይስ ሳያምሽ አልቀረም?»

ሽቦ መቀለዷ ነበር፤ አክስቷ ግን አልሳቀችም። ሽቦ ጎንበስ ብላ ጫማውን አነሳችና ለሕፃን ልጅ እንደሚደረገው አጠለቀችላት። እግሯ ቀዝቃዛ ነበር።

«ሽቦ» እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ቀጭን ስለሆነች፣ ውላ የምታመሸውም ከሽቦ ጋር ስለሆነ የሥራ ባልደረቦቿ አወጡላት፤ ስሙ እግር አውጥቶ ሰፈር ገባና አሁን አክስቷም ሳትቀር «ሽቦዬ» ትላታለች። የኤሌክትሪክ ሙያ ሁለት ዓመት ተምራ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች። በአዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ ገመድ ትዘረጋለች፣ የቆጣሪ ሳጥን ታስራለች፣ ሌላው አንድ ቀን ሙሉ ፈልጎ ያጣውን ብልሽት በሩብ ሰዓት ታገኘዋለች። ሥራው ሲያልቅ ግን «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ የሚፈርመው የዜግነት መታወቂያ ያለው ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ ላለፉት ሦስት ዓመታት የሚፈርምላት አንድ ሰው አለ፤ እሱንም ፈራሚው ይሉታል። ፈራሚው የትኛው ገመድ ከየት እንደሚመጣ ቢጠየቅ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ፊርማው ግን ደስ ይላል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ወፍ ጭራ የሚቀለበስ ነገር አለው። አሁን ለአዲሱ ሆስፒታል ሥራ ኃላፊ ባለሙያ ተፈልጎ አለቃዋ ሽቦን አስቧታል። «እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ» ብሏታል። «መታወቂያው ባይደርስ እንኳ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ አምጪልኝ። ከዓርብ በኋላ ግን ለፈራሚው መስጠቴ ነው፤ ምን ላድርግ ትያለሽ?» ዛሬ ረቡዕ ነው።

የሚኖሩበት ቤት አንድ ክፍል ሆኖ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከራሳቸው ዕቃ ይልቅ የሰው ልብስ ሰፊውን ቦታ ይዟል፤ የታጠበው በአንድ በኩል፣ የተተኮሰው በሌላ በኩል ተደርድሮ፣ በመሐል ለመሄጃ የቀረችው መንገድ አንድ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማታሳልፍ ናት። ከመጋረጃው ወዲያ አጎቷ ይተኛል፤ ተሸካሚ ነበር፣ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ቤት ውሏል። አሁን ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። ይህ ማለት ንግግር ሊጀምር ነው ማለት ነው።

«ሂጂና ንገሪያቸው!» አለ እህቱን። «ያ ጸሐፊ ሆን ብሎ እንደሠራው ንገሪያቸው! እናታችን የከተማውን አፍ እንደማትችል አይቶ፣ ብዕሩን እንዲህ አድርጎ ይዞ፣ የልቡን ጻፈ!»

ብዕሩ እንዴት እንደተያዘ ከመጋረጃው ጀርባ በእጁ ሳያሳይ አልቀረም። አጎቷ ያን ቀን የስድስት ወር ሕፃን ነበር፤ በእናቱ ጀርባ ላይ እንቅልፉን ሲለጥጥ ነው ያሳለፈው። ሲያወራው ግን ቀለሙን ራሱ ያቀበለ ይመስላል። ሽቦ ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምራ ሰምታ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች፤ የዛሬ አርባ ስምንት ዓመት የሕዝብ ምዝገባ መጣ፤ ልቡ ክፉ የሆነ አንድ ጸሐፊ የወንዝ ዳር አጣቢዎችን ሲያይ ናቃቸው፤ «መነሻ» የሚለው ቦታ ላይ «ከወሰን ማዶ» ብሎ ጻፈባቸው። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ሁሉ እዚሁ ከተማ ሆስፒታል ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ የቅድመ አያቶቹን አፍ ከስድብ በቀር ሳያውቀው «ከወሰን ማዶ የመጣ» ነው። የትኛው ወሰን ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ የለም። በየዓመቱ የሚታደስ የቆይታ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ከተማውም «ማዶዎች» ይላቸዋል። አጎቷ ይህን ወሬ በጀመረ ቁጥር አክስቷ «ልብሱን ልየው» ብላ ትወጣለች። ሽቦ ይህን ልብ ብላ አታውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋትም አክስቷ ድንገት ብድግ ብላ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና «እንሂድ» አለች። ወንድሟ ገና መሐሉ ላይ ነበር።

አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ዕድሜው ከሠላሳ በታች የሆነ ሰው በመጀመሪያው መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ አንድ ዘመድ አምጥቶ ካስመሰከረ «መነሻ» የሚለው ሊታረምለት ይችላል። በእነሱ መዝገብ ላይ ያሉት ሦስት ናቸው፤ ያረፈችው አያቷ፣ ጀርባ ላይ የነበረው አጎቷ፣ በዚያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችው አክስቷ። የሽቦ እናት ያኔ ገና አልተወለደችም፤ ተወልዳም ብዙ አልቆየችም፣ ሽቦን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ያኔ የታዘለ ሕፃን መመስከር ስለማይችል መንገዱ ሁሉ በአክስቷ በኩል ነው የሚያልፈው። ሽቦ ቀጠሮውን ያገኘችው አሥራ አንድ ወር ጠብቃ ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ አክስቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሽቦ ፎቶ ማስነሻው ከአምናው በእጥፍ መጨመሩን፣ ፎቶ አንሺው «ፈገግ አትበይ፣ የመንግሥት ነው» እንዳላት፣ ቴምብር የሚሸጠው ሰውዬ መልስ የለኝም ብሎ ማስቲካ እንደሰጣት አወራች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አክስቷ ማስቲካውን ይዛ ተመልሳ ከሰውዬው ጋር ትጨቃጨቅ ነበር። አሁን «ይሁን» ብቻ አለች። ሽቦ የመመስከሩ ፍርሃት ነው ብላ ገመተች። አክስቷ የሰው ቤት በጓሮ በር ገብታ በጓሮ በር የምትወጣ ሴት ናት፤ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

የመዝገብ ቤቱ ኮሪደር ጠባብና ረጅም ነው፤ በግራም በቀኝም አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ የተቀማጮቹ ጉልበት ሊነካካ ምንም አልቀረው። አብዛኛው ሰው ወጣት ነው፤ ግማሹን ሽቦ ታውቀዋለች። የሰፈራቸው ፀጉር አስተካካይ ቀድሟቸው ደርሶ ጥግ ይዟል፤ የሚሠራበት ቤት በሌላ ሰው ስም የተከፈተ ነው፣ በራሱ ስም ለመክፈት ሲሞክር ሦስተኛ ዓመቱ። ሁሉንም ነገር ወደ ቀልድ የመቀየር አመል አለው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ከየትም ብትመጡ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ኮሪደሩ ሳቀ። ለአክስቷ ግን ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላት። «እታለም፣ እዚህ ጋ ቁጭ በይ። ስም ሲጠሩ ቶሎ ተነሱ፣ ሁለቴ አይጠሩም። ባለፈው አንዱ ሽንት ቤት እንዳለ አልፎት ስድስት ወር ተቀጠረ።»

ሽቦ ቆማ ጣሪያውን ታያለች። አንዱ መብራት ይርገበገባል፤ ገመዱ ከግድግዳው ወጥቶ በናስትሮ ተጠቅልሏል፣ ናስትሮውም ደርቆ ተልጧል። የማን ፊርማ እንዳረፈበት ማወቅ ፈለገች። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። አክስቷ ውሃ እንኳ አልጠጣችም።

ስማቸው ሲጠራ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። መዝጋቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። አክስቷን «ይቀመጡ እናቴ» አላት። ከመደርደሪያ አንድ ትልቅ፣ ጠርዙ በአይጥ የተቀመሰ መዝገብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጣቱን ወደ ታች እያንሸራተተ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ሽቦ አንገቷን አስግጋ አየች። የአያቷ ስም አለ። የአክስቷ ስም አለ፣ «ዕድሜ ዘጠኝ»። «መነሻ» በሚለው ሥር «ከማዶ» ተጽፏል፤ «ወሰን» የምትለው ቃል ከላይ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ፣ ተጨናንቃ ገብታለች። ቀጥሎ «ቃል የሰጠች፦ እናት፣ በአስተርጓሚ» ይላል።

«እዚህ ላይ ነው ነገሩ» አለ መዝጋቢው። «አስተርጓሚው ማን ነበር?»

አክስቷ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስጠጋች።

«ልንገርዎት ለምን እንደምጠይቅ። የመንግሥት አስተርጓሚ ከነበረ ቃሉ የጸና ነው፣ እኔ አልነካውም። ከቤተሰብ ከሆነና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ ግን ቃሉ እንደሌለ ይቆጠራል። መንገዱ ይኼ ብቻ ነው። ያስታውሱታል?»

«አላስታውስም» አለች አክስቷ፣ ጉልበቷን እያየች።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር? ሴት፣ ወንድ?»

«ልጅ ነበርኩ። አላስታውስም።»

ሽቦ ወደ አክስቷ ዞረች። ይህች ሴት ከሃያ ዓመት በፊት የጠፋች አንዲት የትራስ ልብስ የማን እንደነበረች፣ ዳርቻዋ በምን ክር እንደተዘመዘመ ትናገራለች። መዝጋቢው ሰዓቱን አየና መነጽሩን አወረደ። «ምሳ ሰዓት ደርሷል። ስምንት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። እስከዚያ ያስቡበት እናቴ። ካልሆነ የልጅቷን ማመልከቻ ለመዝጋት ነው የምገደደው» አለ። ሲወጡ በሩን ክፍት ትቶት ሄደ።

ግቢው ውስጥ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ ጥላው ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። ጥላው ላይ ተቀመጡ። ሽቦ ዳቦውን ከፕላስቲክ አውጥታ ለሁለት ቆረሰችና ለአክስቷ ድርሻዋን ሰጠቻት። አክስቷ ይዛው ቀረች። ከአጥሩ ወዲያ መኪና ይመላለሳል፣ አንድ ሰው የስልክ ካርድ እየጮኸ ይሸጣል። ሽቦ የመጀመሪያውን ጉርሻ አላምጣ ሳትውጥ በንዴት ወደ አክስቷ ዞረች።

«አሥራ አንድ ወር ጠብቄያለሁ» አለች። «አንድ ቃል ነው የተጠየቅሽው። ወንድ በያቸው፣ ሴት በያቸው፣ የሆነ ነገር በያቸው። አላስታውስም ምን ማለት ነው? አንቺ?»

አክስቷ ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። እጇ የአጣቢ እጅ ነው፤ የጣቶቿ ጫፍ ከብዙ ውሃ የተነሳ ሁልጊዜ ነጭና ሽብሽብ ያለ ነው።

«እኔ ነበርኩ» አለች።

ሽቦ ነገሩ ወዲያው አልገባትም። «ምኑን?»

«አስተርጓሚው። እኔ ነበርኩ።» ከዚያ በኋላ ማቆም ያቃታት ይመስል ያለማቋረጥ አወራች። «ጠረጴዛ አውጥተው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ልብስ ስናሰጣ ቆይተን ‹መዝጋቢ መጣ› ሲሉን ሮጠን ደረስን። ፊተኞች እኛ ነበርን፤ ከኋላችን ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፏል፣ አሥራ አራት ቤተሰብ። ጸሐፊው ቀና ሳይል ‹ከየት መጣችሁ?› አለ። እናቴ ዞራ አየችኝ። እኔ የታጠበ ልብስ በየሰው ቤት ሳመላልስ አፋቸውን ለምጄ ነበር፤ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ እኔ ነበርኩ የምችለው። እናቴን እንኳ አልጠየቅኳትም። ጎበዝ መባል ፈልጌ አፌን ሞልቼ ‹ከማዶ› አልኩት።»

ሽቦ ዳቦዋን ይዛ ቀረች። አጣቢዎቹ የሚያጥቡት ከወንዙ ወዲህ ነው፤ የሚያሰጡት ወንዙን ተሻግረው፣ ፀሐይ ቀድማ የምትወጣበት ሣር ላይ ነው። ያን ሣር ሰፈሩ በሙሉ «ማዶ» ይለዋል። አንሶላው የታለ ሲባል፣ ማዶ ነው። እማማ የት ሄዱ ሲባል፣ ማዶ ናቸው። ሽቦ ራሷ በቀን አሥር ጊዜ ትለዋለች።

«ከየት እየሮጣችሁ መጣችሁ ያለኝ ነው የመሰለኝ» አለች አክስቷ። «ከዚያ ከኋላ ያሉትን በብዕሩ እያመለከተ ‹ሁላችሁም ከዚያው ናችሁ?› አለኝ። ‹አዎ፣ ሁላችንም› አልኩት። ሁላችንም ማዶ ነበርና የዋልነው።»

ሽቦ ቀና ስትል ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከየት ጀምሮ እንደሰማ አይታወቅም። አክስቷም አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ሆኖም አልሸሸችም፣ ንግግሯንም አልዋጠችም።

«አርባ ስምንት ዓመት» አለች ወደ እሱ ዞራ። «አባትህ በዚህ ምክንያት መንጃ ፈቃድ ተከልክሎ በጋሪ ኖሮ ሞተ። ሰው ሁሉ ያን ጸሐፊ ሲረግም አብሬ አሜን ስል ኖርኩ። በላ በለኝ፣ ያንተ አፍ መቼም አያርፍም።»

ሽቦ መጮህ ፈለገች። የቆይታ ወረቀት ለማሳደስ የቆመችባቸው ወረፋዎች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲዘመር «አንቺ ዝም በይ፣ ያንቺ አይደለም» ያለቻት ልጅ፣ የፈራሚው የወፍ ጭራ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡባት። በዚህች ሴት ላይ ተናደደች፣ አጥንቷ ድረስ ተናደደች። አክስቷን ስታይ ግን የምታየው አክስቷን ብቻ አልነበረም፤ ደረቷን ነፍታ፣ ከኋላዋ ሰፈሯን አሰልፋ፣ ባዕድ አፍ በመቻሏ የኮራች አንዲት ትንሽ ልጅም ነበረች። በዚያች ላይ መናደድ አልቻለችም።

ፀጉር አስተካካዩ ሁለቱን ደረጃ ወርዶ ከአክስቷ ጎን ቁጭ አለ።

«እታለም» አለ፣ «ዳቦሽን ብዪ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ታወሪያለሽ።»

ስምንት ሰዓት ላይ አክስቷ ያንኑ ለመዝጋቢው ደገመችው። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩም ጸጥ ብሎ አዳመጠ። መዝጋቢው መነጽሩን አንዴ ዓይኑ ላይ አንዴ ግንባሩ ላይ እያደረገ ሰማት፤ ስትጨርስ መዝገቡን ደግሞ አየና «ዕድሜ ዘጠኝ» የሚለውን በጣቱ ነካ።

«እንግዲህ በሕጉ ቃሉ እንደሌለ ነው» አለ። «የልጅቷ ይታረማል። ይኼ ካለፈ ከእርስዎ ኋላ የተመዘገቡት አሥራ አራቱም በዚሁ ሊመጡ ይችላሉ።» ከመሳቢያው የታተመ ቅጽ አውጥቶ ለሽቦ ዘረጋላት። «አንብቢላቸውና የጣት አሻራቸውን ያኑሩ። ማኅተም አድርጌ ቅጂውን አሁኑኑ እሰጥሻለሁ፤ ዋናው እላይ ወጥቶ በአንድ ወር ይጸድቃል።»

ሽቦ ልቧ በደስታ ዘለለ። ቅጂውን ለአለቃዋ ስታሳየው ታያት። ቅጹን አንስታ ለአክስቷ ማንበብ ጀመረች፣ አክስቷ ፊደል አልቆጠረችምና። «‹እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው፣ በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ቃል የሰጠሁት እኔ ስሆን፣ ቃሉም…›» እዚህ ላይ ዓይኗ ቀድሟት የሚቀጥለውን ቃል አየ። «‹… ስሕተት መሆኑን አረጋግጣለሁ›» አለች።

መዝጋቢው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ መዝገቡ ተመለሰ፤ የእሱ ጉዳይ አይደለም። አክስቷ ጣቷን ለቀለሙ እያዘጋጀች ነበር። ከመዝጋቢው ሌላ የሚያውቅ የለም፤ አሻራው ያርፋል፣ ማኅተሙ ይመታል፣ ወደ ቤት ይሄዳሉ። የሽቦ ጆሮ ጋለ። ለሌላ ሰው አፍ ሆኖ፣ ሳይጠይቁ፣ አንድ ቃል ከራስ አምጥቶ መስጠት ምን እንደሚያደርግ ከሰማች ገና ሁለት ሰዓት አልሆናትም።

«አይደለም» አለች። «ስሕተት አይልም። ተሳስቼ ነው ያነበብኩልሽ። ‹ሐሰት› ነው የሚለው።»

የአክስቷ ጣት አየር ላይ ቆመ። «ሐሰት? ውሸት ማለት ነው?»

«የተለመደ አነጋገር ነው እናቴ» አለ መዝጋቢው። «ታትሞ የመጣ ነው፣ አይቀየርም።»

«ውሸት አልተናገርኩም» አለች አክስቷ። ይህን ያለችው ለራሷ ነው፤ ገና አሁን የሰማችው ወሬ ይመስል ተገርማ ነው ያለችው። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ራሷን ስትከስ ይህ ነጥብ አልታያትም ነበር። «ማዶ ነበርን። እውነቴን ነው የነገርኩት። ጎበዝ ልባል ብዬ ሊሆን ይችላል፣ ግን እውነት ነው ያልኩት።»

«ካልፈረሙ እንደነበረ ይቀጥላል» አለ መዝጋቢው፣ ቅር እያለው።

አክስቷ ሽቦን አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቅያሜ አልነበረም። ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አደረገችና በቅጹ ግርጌ፣ የተሰመረው ቦታ ላይ፣ ልብስ ላይ ያለ እድፍ እንደምትፈትግ ጠበቅ አድርጋ አሳረፈችው። «አንቺ ትፈርሚ ዘንድ እኔ ውሸታም ልሁን» አለች። «አሁን አንስቺው።»

ሽቦ አላነሳችውም። ከአሻራው በታች በትንንሽ ፊደል «ተጨማሪ ማብራሪያ ካለ» የሚል ጽሑፍና አንድ ባዶ መስመር ነበር። የመዝጋቢውን ብዕር ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ጎንበስ ብላ ጻፈች።

መዝጋቢው ቅጹን ወደ ራሱ አዙሮ አነበበው። ፀጉሩን አከከ። «ይኼ ከላይኛው ጋር ይጣላል» አለ። «እላይ ያሉት ሲያዩት ‹የቱን እንያዝ?› ብለው ሊመልሱት ይችላሉ። ብትሰርዢው ይሻልሻል።»

«ቢመልሱትስ?»

«እንደገና ቀጠሮ። ስድስት ወር፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። የዛሬው ቅጂም ይሰረዛል።»

ሽቦ ቦታው ለፈራሚው ሲሰጥ ታያት። ከዚያ ደግሞ ጉዳዩ የራሷ ብቻ እንዳልሆነ ትዝ አላትና ወደ በሩ ዞረች። ፀጉር አስተካካዩ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል፤ ከጀርባው ኮሪደሩ ሁሉ አንገቱን አስግጓል።

«እኔን ነው የምታዪው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እኔ ምን ያስቸኩለኛል? የቆይታ ወረቀት አለኝ አይደል እንዴ፣ እቆያለሁ!»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አልሳቀም። ሽቦ ወደ መዝጋቢው ተመለሰች። «አልሰርዘውም» አለች። ድምጿ እንደፈለገችው ጠንካራ አልነበረም።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለች አክስቷ።

ሽቦ ቅጹን አንስታ፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችላት። «‹ማዶ ማለት በእኛ ሰፈር አፍ ከወንዙ ወዲያ ልብስ የምናሰጣበት ሣር ነው። ልጅቷ አልዋሸችም።›»

አክስቷ ወደ ቅጹ ጎንበስ አለች። «ድገሚው» አለች። ሽቦ ደገመችው። አክስቷ ቀለም የነካ አውራ ጣቷን ሌላው ነገር እንዳይነካ ከፍ አድርጋ እንደያዘች ዕንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አንድ ነገር ጨምሪልኝ» አለች። «እግራችን እርጥብ ነበር በይ። ወንዙን ተሻግረን ነው የሮጥነው፤ እኔም እናቴም፣ ከኋላ ያሉትም፣ እስከ ጉልበታችን ይንጠባጠብ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቢያየን ኖሮ ከየት እንደመጣን ያውቅ ነበር።»

መስመሩ አልቆ ነበር። ሽቦ ቅጹን አጋድማ በጠርዙ ላይ፣ ፊደሉን አሳንሳ መጻፍ ጀመረች። መዝጋቢው ማኅተሙን በእጁ እንደያዘ እስክትጨርስ ጠበቃት።